ልጆቹ ለማን ይሰጡ? «ሬይዚንግ ሄለን» የከፋፈላቸው ተመልካቾች

ጥያቄ፦ «የምንኖረው አሜሪካ ነው። እህቴ ካረፈች ወዲህ የ14 ዓመት ልጇ ከእኛ ጋር ናት። በቅርቡ «ሬይዚንግ ሄለን» የሚባለውን ፊልም ቤተሰብ ሆነን አየን። እኔ ወደድኩት። ባለቤቴ ግን «ልጆቹ ለታላቋ አክስታቸው ለጄኒ ነበር መሰጠት የነበረባቸው፤ እንዲህ የሚያደርግ እናት የለም» አለ። ልጅቷ ደግሞ ሄለን ልጆቹን ለእህቷ የምታስረክብበት ቦታ ላይ ስንደርስ ተነስታ ክፍሏ ገባች። በኋላ ሰዎች ስለ ፊልሙ የጻፉትን ሳነብ ግማሹ «ልብ ይነካል» ይላል፣ ግማሹ «የማይመስል ነገር ነው» ይላል። እንደ ባለሙያ ማን ነው ልክ? ለልጅቷ ማሳየቴስ ስህተት ነበር?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አስቀድሜ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የእህት ሐዘን ከባድ ነው። በዚያ ላይ ልጅ የማሳደግ ኃላፊነት ሲጨመር ለማልቀስ እንኳ ጊዜ አይገኝም። የእኔ ሥራ የቤተሰብ ምክር ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ እንደ እርስዎ የእህት ወይም የወንድም ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው። ስለዚህ ይህን ፊልም የማየው እነሱን እያሰብኩ ነው።

ለልጅቷ ማሳየትዎ ስህተት አልነበረም። ይህን ቶሎ ልበልና ልብዎ ይረፍ። ለምን ተነስታ እንደሄደች ግን በደንብ ማሰብ ይገባል። ሰዎች በፊልሙ ላይ ለምን እንደተከፋፈሉ ካየን እሷንም መረዳት ይቀለናል።

ፊልሙን ላላዩት በአጭሩ ልንገራቸው። ጋሪ ማርሻል ያዘጋጀው በ2004 የወጣ ፊልም ነው (ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ሄለን ሃሪስን ሆና የምትጫወተው ኬት ሃድሰን ናት። ሄለን ማንሃተን ውስጥ በታወቀ የሞዴሎች ኤጀንሲ ትሠራለች፣ ማታ ማታ ከግብዣ ግብዣ ትላለች። ሁለት ታላላቅ እህቶች አሏት። አንዷ ሊንዚ ከባሏ ጋር በመኪና አደጋ ትሞትና ሦስት ልጆች ይቀራሉ፤ ኦድሪ፣ ሄንሪና ትንሿ ሣራ። ቤቷ የተደራጀ፣ ልጆቿን በሥርዓት የምታሳድግ፣ ሌላም ልጅ ያረገዘች እህት አለች፤ ጄኒ። ኑዛዜው ሲነበብ ግን ልጆቹ የተሰጡት ለሄለን ነው። ሄለን ወደ ኩዊንስ ትዛወራለች። ሥራዋን ታጣለች። መኪና መሸጫ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ትሆናለች። ልጆቹን ሉተራን ትምህርት ቤት ታስገባና ከፓስተሩ ጋር ትቀራረባለች። ኦድሪ በትምህርት ቤት የዳንስ ምሽት ከአንድ ልጅ ጋር ሞቴል ስትገባ ሄለን አቅቷት ጄኒን ትጠራለች። ከዚያም ሦስቱንም ለጄኒ ታስረክባለች። መጨረሻ ላይ መልሳ ትወስዳቸዋለች።

ሲወጣ ሐያስያን አልወደዱትም። ግምገማዎችን የሚሰበስበው ሮተን ቶሜቶስ ላይ በጎ የጻፉለት ከአራቱ አንዱ ገደማ ናቸው። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ያስገባውም 37 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ኮከቦች ትንሽ ነው። ተራው ተመልካች ግን ከሐያስያኑ ይልቅ ለዘብ ያለ ነው። ይህ ልዩነት የሚገርም አይደለም። ሐያሲው ፊልሙን ከሌሎች ፊልሞች ጋር ያስተያያል። ቤቱ ሆኖ የሚያየው ሰው የሚያስተያየው ከራሱ ቤተሰብ ጋር ነው።

የተመልካቾችን አስተያየት ሳነብ አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ሰው ስለዚህ ፊልም የሚሰጠው ፍርድ የሚወሰነው ማንን እየተከተለ እንዳየው ነው። ልጅ የሌላቸው ወጣቶች ሄለንን ይከተላሉ። ሥራዋን፣ ጓደኞቿን፣ እንቅልፏን ስታጣ ያዝኑላታል፣ ይስቁላታልም። እናቶች፣ በተለይ ታላቅ እህት የሆኑ እናቶች፣ ዓይናቸው ያለው ጄኒ ላይ ነው። እነሱ ናቸው ብዙ ጊዜ «የማይመስል ነገር» የሚሉት። ባለቤትዎም ወንድ ቢሆኑም ቆመው የሚያዩት ከጄኒ ጎን ይመስለኛል። ወላጅ ሞቶባቸው ሰው ቤት ያደጉ ሰዎች ደግሞ ሄለንንም ጄኒንም ብዙ አያዩም። የሚያዩት ልጆቹን ነው። ከእነዚህ የሚመጣው አስተያየት ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን እሱ ነው።

መጀመሪያ የባለቤትዎን ጥያቄ ላንሳ። እናት ልጆቿን ለታናሿ፣ ለዚያች ዳንስ ወዳጅ ትሰጣለች? ትሰጣለች። ኑዛዜ የሚጽፍ ወላጅ «ማን ነው ቤቱ የጸዳ?» ብቻ ብሎ አይጠይቅም። «ልጆቼ ማን ጋ ሲሆኑ ነው እኔ ያለሁ የሚመስላቸው?» ብሎም ይጠይቃል። ፊልሙም መጨረሻ ላይ በሊንዚ ደብዳቤ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሄለን የተመረጠችው ከሁሉም ይልቅ ሊንዚን የምትመስለው እሷ ስለሆነች ነው። ይህ ለእኔ እውነት ያለው ነገር ነው። ልጅ እናቱን ካጣ በኋላ የእናቱን አሳሳቅ፣ የእናቱን ቀልድ፣ ስሙን የምትጠራበትን ዜማ የሚፈልገው ከአክስቱ ነው። ያንን የያዘችው አክስት ምግብ ማብሰል ባትችል ትማራለች።

ነገር ግን የጄኒ ቁስልም እውነት ነው። በእኛ ቤተሰብ ቢሆን አስቡት። ታላቅ እያለች ለታናሽ ከተሰጠ ለቅሶው ሳያልቅ ሽምግልና መቀመጥ ነው። «ምን አጠፋሁ? ምን ጎደለብኝ?» የሚለው ጥያቄ ዓመታት ይኖራል። ጄኒን ሆና የምትጫወተው ጆአን ኩሳክ ይህንን ያለ ብዙ ቃል በፊቷ ታሳያለች። ትቆጣለች፣ ታዛለች፣ ጣልቃ ትገባለች፤ ከስሩ ግን ያለው አለመመረጥ ነው። ፊልሙን የማይወዱት ሰዎች እንኳ እሷን ያመሰግናሉ፣ ሲያንሳት ነው። እኔ ፊልሙ ቢቻል የጄኒ ቢሆን እወድ ነበር። ያልተመረጠች አክስት ታሪክ ከተመረጠችው ይልቅ ከባድ ነው፤ ደግሞ ማንም አይተርከውም።

ስለ ሕጉ ሁለት ቃል ልበል፤ «በኑዛዜ ልጅ ይሰጣል ወይ?» የሚል ክርክርም ስላየሁ። በአሜሪካ ግዛቶች ወላጅ በኑዛዜው የልጆቹን አሳዳጊ መሰየም ይችላል። ምርጫው ትልቅ ክብደት አለው፤ የመጨረሻው ቃል ግን በአብዛኛው የፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ ለልጁ የሚበጀውን ያያል። በብዙ ግዛቶች ደግሞ 14 ዓመት የሞላው ልጅ ራሱ ሐሳቡን ይጠየቃል፣ መቃወምም ይችላል። አገር ቤትም ቢሆን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ኑዛዜን ያውቃል። ኑዛዜ ከሌለ አያቶች ይቀድማሉ፣ ከዚያ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድምና እህቶች፣ ከዚያ አክስትና አጎት ይከተላሉ። ስለዚህ ሊንዚ ያደረገችው ነገር እዚህም እዚያም ቦታ አለው። ከሕግ አንጻር የማይመስለው ሌላ ነገር ነው፤ ለትልቋ ልጅ ለኦድሪ ማንም «አንቺስ ከማን ጋር መሆን ትፈልጊያለሽ?» አላላትም። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

«የማይመስል» ከሚሉት ጋር በአንድ ነገር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ በገንዘቡ ነገር። ሄለን ሥራ ታጣለች፣ ቤት ትቀይራለች፣ ሦስት አፍ ትመግባለች፤ ፊልሙ ግን ይህ እንዴት እንደሚቻል በሚገባ አያሳይም። ሁለት አዋቂዎች በአንድ ቀን ሲሞቱ መጀመሪያ ከሚነሱት ጥያቄዎች አንዱ የሕይወት ኢንሹራንስና ሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት የጡረታ ዋስትና) ነው። ይህ ለእርስዎም ስለሚጠቅም በግልጽ ልንገርዎ። እህትዎ እዚህ አገር በቂ ጊዜ ሠርታ ለሶሻል ሴኩሪቲ ስትከፍል ከነበረ፣ ልጇ ወርሃዊ ክፍያ ሊኖራት ይችላል። መጠኑ እናቷ ልታገኝ ከነበረው መሠረታዊ ጡረታ እስከ 75 በመቶ ይደርሳል። 18 ዓመት እስኪሞላት ይቀጥላል፤ ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ላይ ካለች እስከ 19 ሊሄድ ይችላል። ከእኛ ሰው ብዙው ይህን አይጠይቅም። «የእህቴን ልጅ ለማሳደግ ከመንግሥት ገንዘብ አልለምንም» ይላል። ልመና አይደለም። እናቷ ሠርታ የከፈለችው ነው፤ የልጅቷ ነው። እስካሁን ካልጠየቁ ይጠይቁ። የአሳዳጊነት ወረቀትም በፍርድ ቤት ካልወጣ ያውጡ። ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት «አክስቷ ነኝ» ማለት የማይበቃበት ቀን ይመጣል።

ሌላው የተመልካቾች ቅሬታ ስለ ቀልዱ ነው። «ወላጆቻቸው ሞተው ልጆች እንዲህ ይስቃሉ?» ይላሉ። ብዙ አዋቂ ተመልካች የሚሰናከለው እዚህ ነው፤ ፊልሙ ግን ከሚታማበት በላይ ልክ የሆነው እዚሁ ላይ ነው። ልጅ እንደ አዋቂ አያዝንም። አዋቂ ሐዘን ውስጥ ይገባና ለወራት እዚያው ይቀመጣል። ልጅ ይገባል፣ ይወጣል። ጠዋት አልቅሶ ከሰዓት ኳስ ይጫወታል፤ ማታ አልጋው ላይ እንደገና ያለቅሳል። በለቅሶ ቤት ልጆች ሲሯሯጡና ሲስቁ አይተን «ምን ነካቸው?» እንላለን። ምንም አልነካቸውም። የሚችሉትን ያህል ብቻ እየቀነሱ እየወሰዱ ነው። ዕድሜም ይለያያል። እንደ ሣራ ያለች ትንሽ ልጅ ሞት የማይመለስ ነገር መሆኑን ገና በደንብ አልጨበጠችም። ስለዚህ ሐዘኗ በጫማ ክር፣ በአሻንጉሊት፣ በመኝታ ሰዓት ይወጣል። የሣራ የጫማ ማሰሪያ ጉዳይ ብዙ ተመልካች የሚያስታውሰው ለዚህ ይመስለኛል። ሄንሪ ቅርጫት ኳስ መጫወት ይተዋል። ይህም በሥራዬ የማውቀው ነገር ነው፤ ልጅ ከሟቹ ጋር ይወደው የነበረውን ነገር እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። «ሰነፈ» ይባላል። አልሰነፈም። ኦድሪ ደግሞ እንደ ጎረምሳነቷ ሐዘኗን በቁጣና በወንድ ጓደኛ ትሸፍናለች። ሦስቱም ልክ ናቸው። ፊልሙን የጻፉት ሰዎች ልጆችን ያውቃሉ። (ሄንሪና ሣራን የሚጫወቱት ስፔንሰርና አቢጌል ብሬስሊን በእውነትም ወንድምና እህት ናቸው፤ አብረው ሲሆኑ ያስታውቃል።)

ስለ ፓስተሩ ፍቅር ብዙ አልልም። ፓስተሩን የሚጫወተው ጆን ኮርቤት ደስ ይላል፤ ግን ልጅ የሚያሳድግ ሰው የሚያስፈልገው ልጆቹን ለሁለት ሰዓት የሚይዝለት ሰው ነው። ፊልሙ ይህን በጎረቤቷ በኒልማ በኩል ጀምሮት ነበር። ቢቀጥለው ይሻል ነበር።

አሁን ልጅቷ ተነስታ ወደሄደችበት ቦታ እንምጣ። ሄለን ልጆቹን ለጄኒ ስትሰጥ ፊልሙ የሚያሳየን የሄለንን ሽንፈት ነው። ካሜራው ከእሷ ጋር ነው። ሙዚቃውም የእሷ ነው። አብዛኛው ተመልካችም «ምስኪን፣ አቃታት» ብሎ ያልፋል። በሐያስያንም በተመልካቾችም ጽሑፍ ውስጥ ይህ ትዕይንት የሚነሳው ሄለን የተማረችበት ቦታ ተብሎ ነው። ከልጆቹ በኩል ሲታይ ግን ሌላ ነገር ነው። እናትና አባታቸውን አጡ። ቤታቸውን ለቀቁ። ትምህርት ቤት ቀየሩ። ከአዲሷ አሳዳጊ ጋር ገና መላመድ ሲጀምሩ እንደገና ሻንጣ ተሸከፈ። ያውም ትልቋ ካጠፋች በኋላ። ኦድሪ ከዚህ የምትወስደው ትምህርት ምን ይመስልዎታል? «ካጠፋሁ እሰጣለሁ።» ፊልሙ በኋላ ቢያስታርቃቸውም ይህን ፍርሃት ተመልሶ አይነካውም። የፊልሙ ትልቁ ጉድለት ለእኔ ይህ ነው። ከኑዛዜው አለመመሳሰልም፣ ከፓስተሩም ይበልጣል። «ልብ ይነካል» የሚሉትም «አይመስልም» የሚሉትም ሳያዩት አልፈዋል። የእርስዎ ልጅ ግን አየችው።

ቤታችሁ ሆኜ አላየኋትም፤ ስለዚህ ልቧን አንብቤያለሁ አልልም። ነገር ግን እናቷን ያጣች የ14 ዓመት ልጅ፣ አክስት ልጆችን ስታስረክብ አይታ ከተነሳች፣ መጀመሪያ የማስበው «እኔስ?» ብላ ይሆናል ብዬ ነው። ብዙ ልጆች ይህን ጥያቄ አይጠይቁም። ከመጠየቅ ይልቅ ይፈትናሉ። አንዳንዱ ያስቸግራል። አንዳንዱ ደግሞ ከመጠን በላይ ጨዋ ይሆናል፤ ሳህን ያጥባል፣ ምንም አይጠይቅም፣ አይታመምም። ይህች ሁለተኛዋ ዓይነት ልጅ ታሳስበኛለች፣ ምክንያቱም ሁሉም «ጎበዝ ናት፣ ችላዋለች» ይላታል። እንግዳ ቤት ያለ ሰው ነው እንዲህ የሚጠነቀቀው።

ምን ያድርጉ? ክፍሏ ገብተው ፊት ለፊት ተቀምጠው «ምን ተሰማሽ?» አይበሏት። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ዓይን ለዓይን እየታየ አይናገርም። መኪና ውስጥ፣ ሽንኩርት እየከተፋችሁ፣ ልብስ እያጠፋችሁ ይሻላል። ጥያቄም አያስፈልግም። እንዲህ ይበሏት፦ «ያን ቀን ያየነው ፊልም ላይ ሄለን ልጆቹን የሰጠችበትን ቦታ እኔ አልወደድኩትም። አንቺን ለማንም አንሰጥም። ብታጠፊም፣ ብንጣላም፣ ቢደክመኝም።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ምናልባት «እሺ» ብላ ታልፋለች። ይበቃል። ሰምታለች። ከወር በኋላ በሌላ መንገድ ደግመው ይንገሯት፤ አንዴ የተነገረ አይበቃም። «ብታጠፊም» የሚለውን ቃል ግን አይተዉት። ቁም ነገሩ እሱ ላይ ነው።

ይህን ከማለትዎ በፊት ከባለቤትዎ ጋር መስማማት አለባችሁ። «አንሰጥም» ሲባል የሁለታችሁ ቃል መሆን አለበት። እሳቸው «ለጄኒ ነበር መሰጠት የነበረባቸው» ያሉት ስለ ፊልሙ ነው፣ ክፉ አስበው አይደለም። ልጅቷ ግን ሶፋው ላይ አብራችሁ ነበረች። ልጆቹ ለሌላ ሰው መሰጠት ነበረባቸው የሚል ዓረፍተ ነገር ከአሳዳጊዋ አፍ ሰማች፤ ከዚያ ልጆቹ ሲሰጡ አየች። ሁለቱ ጆሮዋ ውስጥ ተገጣጥመው ሊሆን ይችላል። ባለቤትዎን መውቀስ አያስፈልግም። እሳቸው ራሳቸው አንድ ነገር ቢሏት ግን ከእርስዎ ንግግር ይልቅ ሊሠራ ይችላል፤ የስጋ ዘመድ ያልሆነ ሰው «ልጃችን ነሽ» ሲል ክብደቱ ሌላ ነው።

ሌላም የሚረዳ ነገር አለ። ፊልሙ ኦድሪን አልጠየቃትም። እናንተ ልጅቷን ጠይቋት። ከማን ጋር ልኑር የሚለውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ተዘግቷል። የእናቷ ፎቶ የት ይሰቀል? የሙት ዓመቱ እንዴት ይሁን፣ ማን ይጠራ? በእናቷ ልብሶች ምን ይደረግ? እርስዎን በምን ስም ትጥራዎ? ሁሉም ነገር ተወስኖ ለሚነገራት ልጅ እንዲህ ያሉ ውሳኔዎች ትልቅ ናቸው። የእናቷንም ስም ቤት ውስጥ ያንሱ። እኛ ልጅ እንዳይከፋ ብለን ስለ ሟች ዝም እንላለን። ልጁ ግን ዝምታውን የሚሰማው «እናትሽ ተረስታለች» ብሎ ነው።

እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከተወች፣ የትምህርት ውጤቷ ድንገት ከወደቀ፣ ወይም መኖር አልፈልግም የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ግን ይህ ምክር አይበቃም፤ ሳትዘገዩ የልጆች ባለሙያ ጋ ውሰዷት። የትምህርት ቤቷ አማካሪ መነሻ ሊሆን ይችላል።

ማን ነው ልክ ላሉኝ፣ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ኑዛዜው ይመስላል፤ ባለቤትዎ እዚህ ላይ ተሳስተዋል። ልጆቹ ሲስቁም ሲያለቅሱም ልክ ናቸው። ገንዘቡ አይመስልም። ማስረከቡ ደግሞ በማይገባ ቀላል ሆኗል። ለአንድ ቅዳሜ ማታ ከነጉድለቱ ይታያል፤ እናት ወይም አባት በቅርብ የሞተበት ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ግን በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ወላጆች እንደሚሞቱ አስቀድሞ ይነገረው፣ ሪሞቱም እሱ እጅ ይሁን።

ሌላ ፊልም ከፈለጋችሁ በ2018 (እንደ ፈረንጆቹ) የወጣው «ኢንስታንት ፋሚሊ» አለ። አዘጋጁ ሾን አንደርስ ከባለቤቱ ጋር ሦስት ወንድማማቾችና እህትማማቾችን በማደጎ ያሳደገ ሰው ነው፤ ታሪኩም ከዚያ የተነሳ ነው። እዚያም የ15 ዓመቷ ልጅ አሳዳጊዎቿን ክፉኛ ትፈትናለች፣ እነሱም ይደክማቸዋል። ስድብና ጎልማሳ ቀልድ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ እርስዎና ባለቤትዎ ብቻችሁን እዩት፤ ከዚያ ልጅቷ ማየት ትፈልግ እንደሆነ እሷን ጠይቋት።